ሬንጀር በጊልድ ዋርስ 2፦ ስለ መሣሪያ ምርጫና አጨዋወት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊልድ ዋርስ 2 በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም ነው፤ ሬንጀር ደግሞ ፔት የሚባል እንስሳ ይዞ የሚዋጋ የካራክተር ዓይነት ነው። ሬንጀር የመረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ረጅሙን ቀስት ነው። ብዙው ሰው እዚያው ይቀራል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ገና ሲጀመርም፣ የመጨረሻው ደረጃ፣ ሌቭል 80፣ ተደርሶ ቡድን ውስጥ ሲገባም የሚነሱ ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ቀስቱን አትጣሉት፣ ግን ብቻውን አትያዙት።

ሬንጀር ማለት ቀስተኛ ማለት አይደለም እንዴ?

ሲያዩት ይመስላል። ግን ጌሙ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2012 ሲወጣ ጀምሮ ሬንጀር ከረጅምና ከአጭር ቀስት ሌላ ግሬትሶርድ (በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ)፣ ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጩቤ፣ ችቦና መለከት መያዝ ይችል ነበር። በኋላ የመጡት ማስፋፊያዎች (ለብቻ የሚገዙ የጌሙ ተጨማሪ ክፍሎች) ደግሞ በትር፣ መዶሻ፣ ቆመጥና ጦር ጨመሩለት። ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ቀስቶቹ ሁለት ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ታች ከተደረደሩት ስኪሎች (በቁልፍ የምትጠቀሙባቸው ምቶችና ዘዴዎች) የመጀመሪያዎቹ አምስት የሚመጡት ከያዛችሁት መሣሪያ ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ አምስቱንም ይሰጣል። በአንድ እጅ የሚያዝ ከሆነ ዋናው እጅ ሦስቱን፣ ሌላኛው እጅ ሁለቱን ይሰጣል። ስለዚህ መጥረቢያ ከችቦ ጋር መያዝና መጥረቢያ ከመለከት ጋር መያዝ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት ስብስብ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ውጊያ መሀል በአንድ ቁልፍ ትቀያይራላችሁ። አንዴ ከቀየራችሁ መልሳችሁ ለመቀየር 10 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው።

ሬንጀርን ሬንጀር የሚያደርገው ይህ መቀያየር ነው። ሁለተኛውን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ወይም ሁለቱም ላይ ቀስት ሰክቶ የሚዞር ሰው ግማሹን ካራክተር ቤት ትቶ ወጥቷል።

ገና ጀማሪ ነኝ። ምን ልያዝ?

ረጅም ቀስትና ግሬትሶርድ። ብዙ አታስቡ። ሁለቱም ጉዳታቸው ቀጥተኛ ስለሆነ አንድ ዓይነት ዕቃ (የምትለብሱት ጥሩርና ጌጥ) ለሁለቱም ይሆናል።

ረጅሙ ቀስት በጌሙ የርቀት መለኪያ እስከ 1,500 ይደርሳል። የብዙዎቹ የርቀት መሣሪያዎች 900 ወይም 1,200 ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያው ስኪል ፍላጻው ርቆ በሄደ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። ሁለተኛው ራፒድ ፋየር ነው፤ ፍላጻዎቹን በላይ በላዩ ያዘንባል፣ ጠላትንም የበለጠ እንዲጎዳ ያሳሳዋል። ሦስተኛው ዒላማውን ከመታ ለጥቂት ሰከንድ ይሰውራችኋል። አራተኛው ጠላትን ገፍቶ ያርቃል። አምስተኛው መሬት ላይ የፍላጻ ዝናብ ያወርዳል።

ሜዳ ላይ አንድ ጠላት አገኛችሁ እንበል። መጀመሪያ ፔታችሁን ላኩ። ጠላቱ ፊቱን ወደ ፔቱ ሲያዞር ራፒድ ፋየር። ወደ እናንተ መሮጥ ሲጀምር አትሽሹ፣ ተራውን ቀስት እየተኮሳችሁ ጠብቁት። አፍንጫችሁ ስር ሲደርስ በአራተኛው ግፉት። ይህ ስኪል ጠላቱ በቀረበ ቁጥር ነው አርቆ የሚወረውረው። ከሩቅ መተኮስ ማባከን ነው። ተነስቶ ሲመለስ ግሬትሶርዱን አውጡ። ሊመታችሁ እጁን ሲያነሳ አራተኛውን ተጫኑ፤ ምቱን ይመክታል፣ በእርግጫም መልሶ ያባርረዋል። ከዚያ ሞል የሚባለው ከባዱ ሁለተኛ ስኪል አለ። ተራ ጠላት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ድረስ አይቆይም።

የግሬትሶርድ ሦስተኛ ስኪል ስዉፕ ይባላል፤ ረጅም ዝላይ ነው። ብዙ ሰው ጠላት ላይ ለመድረስ ብቻ ይጠቀምበታል። ዒላማውን አጥፍታችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ብትጫኑት ግን ከጉድ የሚያወጣ ማምለጫ ነው። ብቻውን ለሚዞር ሬንጀር ይህ ስኪል ብቻ ግሬትሶርዱን ለመያዝ በቂ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ቡድን ውስጥ ስገባ ለምን ይጮሁብኛል?

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ያቺ አራተኛዋ የቀስት ስኪል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ተጫዋች ስድስት ሰባት ጠላት እየጎተተ አንድ ጥግ ላይ ይሰበስባል። ሌሎቹ በሰፊው የሚመቱ ስኪሎቻቸውን እዚያ ላይ ያወርዳሉ። ልክ በዚህ ሰዓት አንድ ሬንጀር ከሩቅ ሆኖ አራተኛውን ይጫንና ዋናውን ጠላት ከክምሩ አውጥቶ ይወረውረዋል። እሳቱ፣ በረዶው፣ ሁሉም ባዶ መሬት ላይ ይነድዳል። ሰው ባይጮህ ነበር የሚገርመው።

ይህ ማለት ስኪሏ ቡድን ውስጥ አትጠቅምም ማለት አይደለም። ቦሶች (ከተራው በጣም የሚጠነክሩ ዋና ጠላቶች) ከደማቸው ማሳያ ስር ሌላ አሞሌ አላቸው። ግራጫ ሲሆን ተቆልፏል። ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ግን ሁሉም ሰው የሚገፋ፣ የሚያደነዝዝ፣ የሚያስፈራ ስኪሉን በሙሉ እዚያ ላይ ማራገፍ አለበት። አሞሌው ካለቀ ቦሱ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ይቆማል፣ የሚደርስበት ጉዳትም ይጨምራል። አሞሌው እያለ ቦሱ ስለማይገፋ ማንንም አትረብሹም። ስኪሏን ለዚህ ቆጥቡ። ግሬትሶርድ ከያዛችሁ አምስተኛው፣ ሂልት ባሽ፣ ለዚሁ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀቱ ራሱ ነው። በዚህ ጌም የጉዳት አቅም፣ የፍጥነትና የደም ባፎች (ጓደኛ የሚሰጣችሁ ጊዜያዊ ድጋፎች) በአብዛኛው በሰጪው ዙሪያ ላለ ትንሽ ክብ ነው የሚደርሱት። ብዙዎቹም ለአምስት ሰው ብቻ። ትሪው ዙሪያ ያልተቀመጠ ጉርሻ አይደርሰውም። ባፉ ያልደረሰው ሬንጀር 1,500 ርቀት ላይ ቆሞ ሲተኩስ ሙሉ አቅሙን አይመታም። ቢወድቅም የሚያነሳው ሰው ሩቅ ነው። ቡድን ውስጥ ቀስት ብትይዙ እንኳን ጠጋ ብላችሁ ቁሙ። ርቀቱ የሚያስፈልገው ቦሱ ሁሉንም ሲያባርር ነው። ያኔ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቆሙ እናንተ መተኮሳችሁን ትቀጥላላችሁ።

ድብ መያዝስ ምን ችግር አለው?

ድብና ረጅም ቀስት ይዞ ከሩቅ የሚተኩስ ሬንጀር የጌሙ የቆየ ቀልድ ነው። ተጫዋቾች «ቤርቦው» ይሉታል። ድቡ ራሱ ምንም አላጠፋም። ደሙ ብዙ ነው፣ ቶሎ አይሞትም። ቡናማው ድብ መርዝና መድማትን የመሰሉ ችግሮችን ያራግፋል። ብቻችሁን ጠንካራ ጠላት ስትገጥሙ ፊት ለፊት ቆሞ ይቀበልላችኋል። የሚጎድለው ጉዳት ነው። ቡድን ውስጥ ግን ጠላት የሚቀበል ሌላ ሰው አለ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ምት ነው።

ፔት የሬንጀር ሦስተኛ መሣሪያ ነው ብላችሁ አስቡት። ከጉዳታችሁ የተወሰነው በእሱ በኩል ነው የሚወጣው። ሁለት ይዛችሁ ትዞራላችሁ፣ ውጊያ ላይ ትቀያይሯቸዋላችሁ። አንዱን ለምት፣ አንዱን ለሌላ ችግር አድርጉት። ተኩላ ሲያላዝን ጠላት ያስፈራል፣ ስለዚህ ያንን ሰማያዊ አሞሌ ለማውረድ ይረዳል። ፈርን ሃውንድ ደም የሚመልስ ባፍ ይሰጣል። ስሞክስኬል ጭስ ይለቃል፣ ጉዳቱም ጥሩ ነው፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ማስፋፊያ ጋር ነው የሚገኘው። አዲስ ፔት ለማግኘት ሜዳ ላይ «ጁቨናይል» የሚል ስም ያለው እንስሳ ስታዩ ተጠግታችሁ ማላመድ ብቻ ነው። ሌቭሉ ከእናንተ ጋር አብሮ ያድጋል።

F2 የፔቱ ልዩ ስኪል ነው። ራሱ አይጠቀመውም፣ እናንተ ናችሁ የምትጫኑት። ይህን ሳያውቅ 80 የደረሰ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቡድኑ ጠላት ሳይነካ በጥግ በጥግ ሲያልፍ ፔታችሁ ያየውን ሁሉ መንከስ ሊጀምር ይችላል። ከውጊያ እንዲርቅ የሚያደርግ ማዘዣ አለ። አብሩት፣ ቦሱ ጋ ስትደርሱ መልሱት።

አጭሩ ቀስት ደካማ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ፊት ለፊት ከተኮሳችሁ፣ አዎ። ተራው ምቱ ጠላትን የሚያደማው ከጎን ወይም ከኋላ ሲመታ ነው። አምስተኛው ስኪሉም ከፊት ሲመታ ያደነዝዛል፣ ከኋላ ወይም ከጎን ሲመታ ግን ጨርሶ ያቆማል። ርቀቱ 900 ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ የረጅሙ ቀስት ታናሽ ወንድም አድርጎ የሚይዘው ሰው ያዝናል።

ብቻችሁን ስትሆኑ መፍትሔው ፔቱ ነው። ፔቱ ከፊት ይያዘው፣ እናንተ ዙሩ። እየሮጣችሁ መተኮስ ስለምትችሉ መዞሩ ጊዜ አያባክንም። ሦስተኛው ስኪል እየተኮሰ ወደ ኋላ ያፈገፍጋችኋል፤ በዚያች ቅጽበት ምት አያገኛችሁም። ለሚንቀሳቀስ፣ እጁ ፈጣን ለሆነ ሰው ከረጅሙ የበለጠ ደስ የሚል መሣሪያ ነው። ቆሞ መተኮስ ለሚወድ አይሆንም።

ቀጥተኛ ጉዳት ይሻላል ወይስ መርዝና ማቃጠል?

በመጀመሪያ አትቀላቅሉ። ቀጥተኛ ጉዳት የሚቆጠረው በፓወር (በምታችሁ ጉልበት)፣ በመሣሪያው ጥንካሬና በጠላቱ ጥሩር ነው። መርዝ፣ መድማትና ማቃጠል ግን ጥሩሩን አያዩትም፣ በጊዜ ብዛት ይበላሉ። ለአንዱ የሚጠቅመው ዕቃ ለሌላው እምብዛም አይጠቅምም። ረጅም ቀስት በአንድ በኩል፣ መጥረቢያና ችቦ በሌላ በኩል አድርጋችሁ ዕቃውን ከዚህም ከዚያም ከለቃቀማችሁ ሁለቱም ጎን ይደክማል። የጀማሪ ሬንጀር ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ሰው ግን የሚያማርረው መሣሪያውን ነው።

ለቀጥተኛ ጉዳት በርሰርከር የሚባለው ስብስብ አለ፤ ፓወር፣ ክሪቲካል (ከተራው የሚከብድ ምት) የመምታት ዕድልና የክሪቲካል ጉዳት ይሰጣል። 80 እንደገባችሁ በቀላሉ ይገኛል። ለቀጣይ ጉዳት ተመራጩ ቫይፐር ነው፤ እሱ ግን ከማስፋፊያ ጋር የመጣ ስለሆነ ውድ ነው፣ ድካምም አለው። ስለዚህ በበርሰርከር ጀምሩ እላለሁ።

መጥረቢያና ችቦ ግን አንድ ቀን ሞክሩ። የመጥረቢያ ሁለተኛው ስኪል፣ ስፕሊትብሌድ፣ አምስት መጥረቢያ እንደ ማራገቢያ በትኖ ይወረውራል። ከሩቅ ከወረወራችሁት ግዙፍ ያልሆነ ጠላት አንዱ ወይም ሁለቱ ነው የሚያገኘው። አጠገቡ ቆማችሁ ከወረወራችሁት አምስቱም እሱ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ በችቦው አምስተኛ ስኪል ስሩ እሳት አንድዱ። በዚያ እሳት ውስጥ አልፎ የሚሄድ ፍላጻ ጠላቱን ሊያቃጥለው ይችላል፣ የጓደኛችሁም ቢሆን። መጥረቢያ ከሩቅ የሚወረወር መሣሪያ ሆኖ አፍንጫ ለአፍንጫ ሲጫወቱት ይበልጥ መጉዳቱ የሬንጀር ነገር ነው።

ሁለተኛ መጥረቢያ በሌላው እጅ ከያዛችሁ ደግሞ አምስተኛው ስኪል እየተሽከረከረ የሚመጣውን ፍላጻና ጥይት ወደ ላኪው ይመልሳል። ቀስተኛ ጠላት የበዛበት ቦታ ላይ መሳቅ ነው።

ሰይፉን ማንም አይይዘውም። ለምን?

የድሮ ስም ተጣብቆበት ነው። ለዓመታት ተራው ምቱ ራሱ እየዘለለ ተጫዋቹን ያስር ነበር፤ ከምት ለማምለጥ መንከባለል ስትፈልጉ እግራችሁ አይታዘዝም። በኋላ ተስተካክሏል። አሁን ቀልጣፋ መሣሪያ ነው፣ ቢያንስ አንድ ምሽት ይሞከር።

ድሩይድ፣ ሶልቢስት ወይስ አንቴምድ?

ሦስቱም 80 ከተደረሰ በኋላ የሚከፈቱ ኤሊት ስፔሻላይዜሽኖች፣ ማለትም የሬንጀርን አጨዋወት የሚለውጡ ዘርፎች ናቸው። ድሩይድ በ2015፣ ሶልቢስት በ2017፣ አንቴምድ በ2022 ከወጡ ማስፋፊያዎች ጋር መጡ።

ድሩይድ በትር ይዞ ሰው ያድናል። በ2015 መጨረሻ ባለ 10 ሰው ሬይዶች (ከባድ የቡድን ውጊያዎች) ሲጀመሩ ድሩይድ የሌለበት ቡድን ብርቅ ነበር፣ ያም ለዓመታት ቆየ። «ቀስተኛ ልሁን ብዬ ገብቼ ሂለር አደረጉኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እውነቱን ነው። ሶልቢስት ከፔቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ፔቱ ከሜዳ ይጠፋና ጉልበቱም ስኪሎቹም ለእናንተ ይሆናሉ። ፔት መቆጣጠር ያሰለቸው ሰው መጨረሻው እዚህ ነው። ለንጹህ ምትም እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አንቴምድ መዶሻ ይይዛል። ኃይሉን አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለፔቱ ይለቃል። መዶሻው ለማደንዘዝና ለመጣል ጥሩ ነው፣ ያ ሰማያዊ አሞሌ ሲመጣ ይወደዳል።

ቀድሞ በትሩ ለድሩይድ ብቻ፣ መዶሻው ለአንቴምድ ብቻ ነበር። ሴክሬትስ ኦፍ ዘ ኦብስኩር የተባለው የ2023 ማስፋፊያ ይህን አጥር አነሳው። ቆመጥም ከዚሁ ማስፋፊያ ጋር ተጨመረ። ጦር መሬት ላይ መያዝ የተቻለው ደግሞ በ2024ቱ ጃንቲር ዋይልድስ ነው፤ ለሬንጀር በቅርብ የሚወጋ መሣሪያ ሆኖ መጣ።

ሳልከፍል ሬንጀር መጫወት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ዋናው ጌም ከ2015 ጀምሮ በነፃ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ነፃው አካውንት ላይ በንግግርና በንግድ በኩል ገደቦች አሉ፣ ኤሊት ስፔሻላይዜሽኖቹና በኋላ የተጨመሩት መሣሪያዎችም አይገኙም። ሁለቱ ቀስቶች፣ ግሬትሶርዱ፣ መጥረቢያው፣ ችቦው ግን አሉ። እስከ 80 ለመድረስ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ወደዳችሁት ማለት ነው? ያኔ ግዙ።

ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው። የመሣሪያ ምርጫዬን ይለውጠዋል?

በደንብ። ፒንጋችሁ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍ ካለ በትክክለኛዋ ቅጽበት መጫን የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ይከብዳል። ቦሱ እጁን ሲያወርድ ስታዩ በሰርቨሩ በኩል ቀድሞ መትቷችኋል። ስለዚህ እጁን ማንሳት ሲጀምር ተንከባለሉ፣ እስኪያወርድ አትጠብቁ። የግሬትሶርዱ መመከቻ ለጥቂት ሰከንድ ስለሚቆይ ትንሽ ቀደም ብሎ መጫን ይቻላል። ረጅሙ ቀስት ደግሞ ለዚህ ኑሮ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ ስለሆናችሁ ለማየትም ለመሸሽም ጊዜ አላችሁ። ከላይ ስለ ርቀት ያልኩትን ፒንጉ 300 ሚሊሰከንድ የሚነካ ሰው እንደ ሁኔታው ያሻሽለው።

ጌሙ የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ከኢትዮጵያም ከባሕረ ሰላጤው አገሮችም ለሚጫወት የአውሮፓው ይቀርባል። ችግሩ የሁለቱ ቀጣና ተጫዋቾች አብረው መጫወት አለመቻላቸው ነው። ዋሽንግተን ካለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር ልትጫወቱ ካሰባችሁ ካራክተር ሳትሠሩ በፊት ተነጋገሩ። በኋላ መዛወር ያስከፍላል። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ሳትጠብቁ መጀመር ይቻላል፣ የቀረው እየተጫወታችሁ ይወርዳል። የዳታ ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ይህንን ማወቅ ጥሩ ነው።

ከሰው ጋር ስዋጋስ?

አምስት ለአምስት በሚደረገው ፒቪፒ ዕቃችሁ አይቆጠርም፣ ሁሉም ሰው እንደ ሌቭል 80 ነው የሚገባው። ስለዚህ ገና በዝቅተኛ ሌቭል እያላችሁም መሣሪያ መሞከሪያ ይሆናችኋል። ረጅም ቀስትና ግሬትሶርድ እዚህም ይሠራሉ፤ ግን ሰው እንደ ቦስ አይቆምላችሁም። ራፒድ ፋየር ስትጀምሩ ይንከባለላል፣ ወይም ፍላጻውን ይመልስባችኋል። መጀመሪያ በተራው ምት አስጨንቃችሁ ማምለጫውን ሲጨርስ ነው ዋናውን መተኮስ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆም ጥሩ ነው፣ ግን ነጥብ በዋናነት የሚገኘው ሜዳው ላይ የተከለሉት ክቦች ውስጥ ቆሞ በመያዝ ነው። ሰገነት ላይ ሆኖ አስር ሰው ገድሎ የተሸነፈ ሬንጀር ብዙ ነው።

ውሃ ውስጥ ስገባ ቀስቴ የት ይጠፋል?

ውሃ ውስጥ የራሱ የመሣሪያ ቦታ አለ። ሬንጀር እዚያ ጦርና ሃርፑን ገን ይይዛል። ባዶ ከሆነ ባዶ እጃችሁን ነው የምትዋኙት፤ ስለዚህ የዕቃ ገጹን ከፍታችሁ ሙሉት። ፔትም እንዲሁ፦ አንዳንዱ መሬት ላይ ብቻ ይሄዳል፣ ሻርክ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው፣ ድሬክ ሁለቱም ጋ ይሆናል። ለውሃው የሚሆን ፔት ከፔት ገጹ ላይ ለብቻው ይመረጣል።